በአዳራሹ የሌሉት ሴቶች

የምልልሱ ተናጋሪዎች ሁለት ናቸው። አንደኛዋ በአዲስ አበባ፣ ጀሞ አካባቢ ባለች አንዲት የወንጌላውያን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሴቶች አገልግሎት መሪ ሆና በቅርቡ የተመረጠች ወጣት ናት። ሁለተኛዋ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በደርግ ዘመን ቤታቸውን ለጸሎት ከፍተው የኖሩ እናት ናቸው። ወጣቷ የዓመት ዕቅዷን አስቀድማ ልካላቸው ነበር።

ወጣቷ፦ እትዬ፣ ዕቅዱን አነበቡት?

እትዬ፦ አንብቤዋለሁ የኔ ልጅ። ደክመሽበታል። ሁለት ኮንፈረንስ፣ የእናቶች ቀን፣ የደንብ ልብስ፣ ከውጭ የሚጋበዝ ሰባኪ፣ የገና ምሳ። እስቲ በመጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሴቶች ጸሎት አሁንም ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ነው?

ወጣቷ፦ አዎ፣ ከድሮም እንደዚያው ነው።

እትዬ፦ ማን ይመጣል?

ወጣቷ፦ ሠላሳ፣ ቢበዛ አርባ እናቶች። ጡረታ የወጡ፣ ልጆቻቸው ያደጉላቸው፣ ቤት የሚውሉ።

እትዬ፦ እሑድስ ስንት ሴት ትቆጥሪያለሽ?

ወጣቷ፦ ከሦስት መቶ አያንሱም።

እትዬ፦ የቀሩት ታዲያ ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ የት ናቸው? ባንክ የምትሠራዋ መስኮቷ ላይ ናት። ጉልት የምትቸረችረዋ መደቧን ለማን ትታ ትምጣ? ፋብሪካ የገባችው ልጅ ፈረቃ ላይ ናት። በሰው ቤት የምትሠራዋ ደግሞ እጇ ሳሙና ውስጥ ነው። ዕቅድሽ ሁሉ ለእነዚያው ለአርባዎቹ እንዳይሆን ነው የምፈራው። እነሱን አትተዪ፤ የጸሎት አቅማችን እነሱ ናቸው። ግን የሴቶች አገልግሎት ስንል ከሦስት መቶው ስንቱን እንደምናውቅ መጠየቅ አለብን።

ወጣቷ፦ ቅዳሜ ከሰዓት እናድርገው ብዬ አስቤ ነበር።

እትዬ፦ ለባንክ ሠራተኛዋ ይሆናል። ለቤት ሠራተኛዋ አይሆንም። የብዙዎቹ ዕረፍት እሑድ ነው፤ እሱም ግማሽ ቀን ከተሰጣቸው። እንዲያውም እዚሁ አጥቢያችን ውስጥ አሠሪዋ እሑድ ጠዋት ጸሎት ስትመራ፣ ሠራተኛዋ ቤት ቀርታ ልጅ ትጠብቃለች፣ ምሳ ትሠራለች። ሁለቱም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው። ይህን አይቶ ዝም ያለ የሴቶች አገልግሎት ስለ እኅትማማችነት ሊያስተምር አይችልም።

ወጣቷ፦ እትዬ፣ ይህን ካነሣሁ የሚቀየሙኝ የክፍሉ አባላት ናቸው። ገንዘብ የሚያዋጡትም እነሱ ናቸው።

እትዬ፦ አውቃለሁ። በስብሰባ ላይ አታንሺው፤ በየቤታቸው ሄደሽ አንድ በአንድ ንገሪያቸው። ሰው በጉባኤ የማይቀበለውን ቡና እየጠጣ ይቀበላል። ከአምልኮ በኋላም አርባ ደቂቃ ያዢ። ሁሉም ሴት ግቢው ውስጥ ያለችበት ሰዓት እሱ ብቻ ነው። ክርስቲያን አሠሪ ለሠራተኛዋ ያቺን አርባ ደቂቃ ካልሰጠች፣ ምን ልትሰጣት ነው?

ወጣቷ፦ በእርስዎ ዘመን እንዴት ነበር የምትገናኙት? ያኔ አዳራሽም አልነበረም።

እትዬ፦ ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ወንበሩም ከበሮውም ተወረሰ። የቀረን ቤታችን ነበር። ቡና ደግሞ ቀበሌ አይከለክልም። አራት አምስት ሴት ሆነን ረከቦቱን ዘርግተን፣ ፈንድሻውን አቅርበን እንቀመጣለን። ድንገት የሚያንኳኳ ቢመጣ፣ የሚያገኘው ቡና የሚጠጡ ጎረቤታሞችን ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ መሶብ ሥር ነው ያለው። መዝሙሩን በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው፤ ልጆች ውጭ እየተጫወቱ ይጠብቁናል። ሰባተኛዋ ሴት ስትመጣ ለሁለት እንከፈላለን፤ ምክንያቱም ብዙ ጫማ በር ላይ ከታየ ጥያቄ ይመጣል። ስንከፈል ደግሞ አዲሱን ቡድን የሚመራ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ አምና ተቀምጣ ስትሰማ የነበረችው ዘንድሮ ታስተምራለች። ሴት ታስተምር አታስተምር ብሎ የሚከራከር ሰው በዚያ ጊዜ አልነበረም፤ ወንዶቹ ግማሾቹ እስር ቤት ነበሩ፣ ግማሾቹ ክትትል ላይ ነበሩ።

ወጣቷ፦ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. ስትዘጋ አባላቷ አምስት ሺህ ያህል እንደነበሩ፣ ደርግ በ1983 ሲወድቅ ከ34 ሺህ በላይ ሆነው እንደተገኙ ተምሬያለሁ። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ስለ ተአምር ነው የሚወራልኝ።

እትዬ፦ ተአምርም ነው። ግን ተአምሩ በቤት ውስጥ፣ በሴቶች እጅ ያለፈ ነው። እያንዳንዷ የአራት ሴቶችን ስም፣ የባሎቻቸውን ጠባይ፣ የልጆቻቸውን ሕመም ታውቃለች። አንዷ ሁለት ሳምንት ከጠፋች ታስራ ይሆን ብለን እንሄዳለን። ፀሐይ ቶሎሳን ታውቂያታለሽ? የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበረው የቄስ ጉዲና ቱምሳ ባለቤት። ባሏ በ1971 ሐምሌ ተወስዶ ተገደለ፤ እሷም ታስራ አሥር ዓመት ገደማ ቆየች። እንደ እሷ ያሉ ሴቶች ከእስር ቤት ውስጥ ሆነው ሌሎችን ያጽናኑ ነበር። ዛሬ አዳራሽ አለን፣ ድምፅ ማጉያ አለን፣ የሴቶች ክፍል የሚል ማኅተም አለን። የጎደለው አራት ሴት የምታውቅ ሴት ናት።

ወጣቷ፦ ከስደት ዘመን ያለውን ወደ ዛሬ ማምጣት ግን ቀላል አይመስለኝም። ያኔ ያለ አንድነት መኖር አይቻልም ነበር። ዛሬ ሰው በኮንዶሚኒየሙ ተዘግቶ ይኖራል።

እትዬ፦ ሄዶ ማንኳኳት ነው እንጂ።

ወጣቷ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ሳይደውል የሚመጣ ሰው የእኔን ዕድሜ ሴት ደስ አያሰኛትም። ሦስት ሆነው አንድ ክፍል የተከራዩ ልጆች አሉ፤ እንግዳ የሚያስቀምጡበት የላቸውም፣ ያፍራሉ። አንዲት እናት ድንገት ከገባች፣ ቤቱን ልትሰልል የመጣች ይመስላቸዋል። መጀመሪያ በቴሌግራም እንጽፋለን፤ ካልመለሰች እንደውላለን፤ ደግሞ ውጭ ካፌ እንገናኛለን። ጉብኝቱ ከዚያ በኋላ ነው።

እትዬ፦ እሺ፣ ይሁን። ለእኔ ማንኳኳት ፍቅር ነበር፤ ለእነሱ ጭንቀት ከሆነ እናንተ በምትችሉት መንገድ ሂዱ። ነገር ግን ቴሌግራም ላይ ጥቅስ እየለጠፉ ጎበኘን ማለት እንዳይመጣ።

ወጣቷ፦ አይመጣም። አሁን ስለ ኮንፈረንሱ ይንገሩኝ። አልወደዱትም?

እትዬ፦ ኮንፈረንስ መልካም ነው፤ ሴት ከቤቷ ወጥታ ሁለት ቀን ቃሉን ብትሰማ ማን ይጠላል? ጥያቄዬ ማን ያበስላል የሚለው ነው። ባለፈው የአጥቢያው ኮንፈረንስ ያየሁትን ልንገርሽ። ከኋላ በኩል ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ሴቶች ሦስት ቀን ሙሉ ከድስት አልተነሡም። ጭሱ ዐይናቸውን አቅልቶታል። ስብከቱን የሰሙት በድምፅ ማጉያ፣ ሽንኩርት እየከተፉ ነው። መጨረሻ ላይ ከመድረክ “ሴቶቻችንን እናመሰግናለን” ተባለና ተጨበጨበ። እነሱ ግን ጭብጨባውን ለመስማት እንኳ አልገቡም፤ ሳህን ያጥቡ ነበር።

ወጣቷ፦ ይህንን እኔም ነው ያየሁት። አንዳንዶች ግን ማብሰል ነው ደስታቸው፤ እንዳያዝኑ እሰጋለሁ።

እትዬ፦ ማብሰልን አታናንቂ፤ ጣቢታ መርፌዋን ይዛ ነው የታወሰችው። ሉቃስ በስምንተኛው ምዕራፍ ኢየሱስን በገንዘባቸው ያገለገሉ ሴቶችን ይጽፋል። እነሱ ግን ከኢየሱስ ጋር እየተጓዙ ቃሉን እየሰሙ ነው ያገለገሉት። ምግቡን በተራ አድርጊው። የወጣቶች ክፍል አንድ ቀን ይያዝ፣ የወንዶች ኅብረት አንድ ቀን ይያዝ፣ አንዱን ቀን ደግሞ ምግብ አዘጋጅ ይከፈለው።

ወጣቷ፦ ለወንዶች ኅብረት ስነግራቸው ሳቁ።

እትዬ፦ ይስቁ፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ይለምዱታል። በዱሮው ዘመን የሴቶች ክፍል ምንጣፉንም መጋረጃውንም ገዝቷል። አሁንም ኪቦርዱ በእነሱ መዋጮ ነው የተገዛው። ግን የቤተ ክርስቲያኑን በጀት አምጥተሽ እይ፤ ለሴቶች አገልግሎት የተመደበ መስመር አለ?

ወጣቷ፦ የለም። የምናገኘው ራሳችን ከምናዋጣው ነው።

እትዬ፦ እንግዲህ ከዕቅድሽ ውስጥ የመጀመሪያው ሥራ የደንብ ልብስ ሳይሆን ይህ ይሁን። ባሏ የሞተባት እናት የቤት ኪራይ ስትቸገር በየጊዜው ልመና እንዳይሆን፣ ሽማግሌዎቹ በዓመቱ በጀት ውስጥ ያስገቡት። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ መበለቶች ሲጽፍ የቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ ጉዳይ አድርጎ ነው የጻፈው፤ ለሴቶች ክፍል ትቶት አልሄደም።

ወጣቷ፦ ስለ ትምህርቱስ? ብዙ ጊዜ የሴቶች ጉባኤ ላይ የሚሰበከው ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ትዕግሥት ነው። ያላገባችው፣ ልጅ ያልወለደችው፣ ብቻዋን የምታሳድገው ጎን ተቀምጣ ትሰማለች።

እትዬ፦ ትክክል ነሽ። መጽሐፉን አስተምሯቸው፤ ሮሜን፣ ዘፀአትን፣ ነቢያትን። ትዳር የሚነሣበት ቦታ ሲደርስ ይነሣል። በሮሜ 16 የክንክራኦሷ ፌቤን አለች፣ ጵርስቅላ አለች፤ እነሱን ስታነቢ ጳውሎስ ባልደረቦቹን ሲያመሰግን ነው የምታዪው። እናንተ ወጣቶቹ ደግሞ ተምራችኋል፤ ለምን የወንድ ሰባኪ ትጠብቃላችሁ?

ወጣቷ፦ የአስቴር ጋኖ ታሪክ ነው ይህን ያሳሰበኝ። ከባርነት ነጻ የወጣች የኦሮሞ ልጅ፤ ኤርትራ፣ እምኩሉ ትምህርት ቤት ገብታ ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ሠራች። በ1894 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኦሮምኛ ማንበቢያ አብራ አዘጋጀች፣ ቃላት ሰበሰበች፤ በ1899 በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሥራዋ አለበት። ከዚያም ወለጋ ተመልሳ አስተማረች። ዛሬ ስሟን በሴቶች ጉባኤ ላይ የሚያነሣ አለ? ሕፃን ልጆቻችን እንኳ አያውቋትም።

እትዬ፦ ንገሪያቸው። ደግሞ ስለ እሷ ንግግር ብቻ አታድርጊ፤ አራት ልጆች መርጠሽ ማስተማር እንዲለማመዱ አድርጊ። በአንድ ጊዜ የሚማር አስተማሪ የለም።

ወጣቷ፦ ከዓረብ አገር የተመለሱትን ልጆችስ እንዴት እንያዛቸው? ሦስት አሉ። አንዷ ከቤይሩት፣ ሁለቱ ከሪያድ።

እትዬ፦ ምን አደረጋችኋቸው እስካሁን?

ወጣቷ፦ ምስክርነት ሰጡ። ከዚያ ለሕንፃ ግንባታው እንዲያዋጡ ተጠየቁ።

እትዬ፦ አያችሁ? ሪያድ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን መክፈት አይፈቀድም። እነዚህ ልጆች አሠሪ ሲተኛ፣ ስልክ ይዘው፣ መታጠቢያ ቤት ገብተው ነው የጸለዩት። ቤይሩት ውስጥ የእሑድ ዕረፍት ያገኙት በአንድ ሳሎን ተሰብስበው፣ ያለ መጋቢ፣ ያለ ደመወዝ፣ እርስ በርስ እያስተማሩ ቆይተዋል። የታመመችውን ያስታምማሉ፤ የሞተችውን አስከሬን ወደ አገር ለመላክ ያዋጣሉ። ይህ እኛ በደርግ ጊዜ የኖርነው ነው። ለእኔ እነሱ የዘመኑ የቡና ቡድን መሪዎች ናቸው። ቡድን ስጫቸው።

ወጣቷ፦ ልክ ነው። እንዲያውም ቡድኖቹን ስንከፍት አንዱን ለእሷ፣ ለቤይሩቷ ልጅ እሰጣለሁ። ግን እትዬ፣ ከሁሉ በላይ የከበደኝ ሌላ ነው።

እትዬ፦ ተናገሪ።

ወጣቷ፦ አንዲት እኅት ባለፈው ሳምንት መጣች። ክንዷ ጠቁሯል። ባሏ የታወቀ ሰው ነው፤ በመዘምራን ውስጥ ያገለግላል። ለአንድ ሽማግሌ ነግራቸው ነበር፤ “ጸልዪ፣ ቻይው፣ ትዳር መስቀል ነው” ተባለች። ወደ ቤቷ ተመለሰች።

እትዬ፦ ይህ ነው ክፍሉ ጤነኛ መሆን አለመሆኑን የሚያሳየው። ጉዳዩ የጥቂት ሴቶች ነው እንዳትዪ።

ወጣቷ፦ አውቃለሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ሴቶች 34 ከመቶው ከባል የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት እንደደረሰባቸው ይናገራል። ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው፤ ወጥ ብታሳርር፣ ልጆችን ችላ ብትል፣ ሳትናገር ብትወጣ፣ ብትከራከረው ወይም አልጋ ብትከለክለው፣ ከነዚህ በአንዱ እንኳ ቢመታት ተገቢ ነው ያሉ ሴቶች 63 ከመቶ ናቸው፤ ወንዶቹ 28 ከመቶ። ማለት፣ የምትመታዋ ራሷ ይገባኛል ብላ ታምናለች።

እትዬ፦ እንዲያምኑ አድርገን ስላስተማርናቸው ነው። ቤተ ክርስቲያንም ከዚህ ነፃ አይደለችም። ስለዚህ አንቺ አሁን ምን ታደርጊያለሽ?

ወጣቷ፦ ባልና ሚስቱን አቀራርቤ ማነጋገር አስቤ ነበር።

እትዬ፦ አታድርጊው። በአንድ ክፍል ውስጥ እሱ እያየ እውነቱን አትናገርም፤ ብትናገር ማታ ትከፍላለች። ሽምግልናችን ለብዙ ነገር ይጠቅማል፣ ለዚህ ግን ጎጂ ነው፤ ሽማግሌው ሁልጊዜ የሚመኘው ቶሎ እንድትመለስ ነው። መጀመሪያ ደኅንነቷ። ማታ የምታድርበት ቤት አላት ወይ? ልብስ፣ የልጆች የልደት ወረቀት፣ ትንሽ ገንዘብ ለብቻ የምታስቀምጥበት አላት ወይ? ከተጎዳች ደግሞ ሐኪም ቤት፤ ጋንዲ ሆስፒታል ጥቃት ለደረሰባቸው የተለየ ክፍል አለ፣ ሕክምናውንም ለፖሊስ ማስረጃውንም በአንድ ቦታ ያገኙበታል። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያለ ክፍያ ይመክራል። መውጫ ካጣች የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አለ።

ወጣቷ፦ የወንጀል ሕጉም አንቀጽ 564 በትዳር ውስጥ የሚደርስን ጥቃት በግልጽ ያስገባዋል። ለሽማግሌዎቹ ማንበብ አለብኝ፤ ብዙዎቹ “የቤት ጉዳይ ነው” ብለው ያስባሉ።

እትዬ፦ አንብቢላቸው። ግን ከሁሉ በፊት አፍሽን ጠብቂ። የሴቶች ክፍልን የሚያፈርሰው ይህ ነው፤ የጸሎት ርእስ ተብሎ የሰው ምሥጢር ይወጣል። “እኅታችን በትዳሯ እየተፈተነች ነው፣ እንጸልይላት” ይባላል፤ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ምሥጢር የሚሰሙ ሁለት ሴቶች ብቻ ይመረጡ፤ በደንብ ይሠልጥኑ፤ ያወጣች ደግሞ ያለ ማመንታት ከኃላፊነቷ ትነሣ።

ወጣቷ፦ ሰውየውስ? እሱ እሑድ መድረክ ላይ ይቆማል፤ እሷ ከታች ተቀምጣ ስትሰማው ሳያት መታገሥ አልቻልኩም።

እትዬ፦ ከመድረክ መውረድ አለበት፤ ይህን ሽማግሌዎቹ ናቸው የሚወስኑት። ወርዶ ይመከር፤ ንስሐውን ደግሞ በወራት እንጂ በአንድ ምሽት እንባ አይለኩት። አንቺ ግን እሱን ለማስወረድ ብለሽ እሷን እንዳታጋልጫት። መቼ እንደሚነገር፣ ማን እንደሚናገር፣ እሷ ትወስን።

ወጣቷ፦ እኔ ግን በዚህ ላይ ጊዜ መስጠት ይከብደኛል። ልጆች አሉ፤ ሌላ ቀን ከባድ ነገር ቢደርስባትስ? ልጠብቅ?

እትዬ፦ ነፍሷ አደጋ ላይ ከሆነ አትጠብቂ፤ ፖሊስ ጥሪ፣ ቤቴ አምጫት። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ጠብቂ። እስካሁን ሌሎች ሲወስኑላት ነው የኖረችው፤ እኛም እንደ እነሱ እንዳንሆን።

ወጣቷ፦ እሺ። የሽማግሌዎች ስብሰባ ቅዳሜ ነው። በጀቱንና የእሑዱን አርባ ደቂቃ ይዤ እገባለሁ። ስለ ጥቃት ጉዳይ የአሠራር ደንብ እንዲያወጡ እጠይቃለሁ። ብቻዬን መግባት ግን ፈርቻለሁ።

እትዬ፦ አብሬሽ እገባለሁ። እነሱም እኔን ያውቁኛል፤ ሁለቱን በልጅነታቸው በእንጀራ ቤቴ ቃሉን አስተምሬአቸዋለሁ። ያቺን የተመታችውን እኅት ግን አሁን ጠይቂያት፤ ያለ ፈቃዷ አንድ ቃል እንኳ አናነሣም።

ወጣቷ፦ ጠይቄያታለሁ። “ስለ እኔ አታውሩ፣ ስለ ሁላችን ግን አውሩ” ነው ያለችኝ።

እትዬ፦ እንግዲያው ደንቡን እንጠይቃለን፤ ስም አይጠራም። ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው?

ወጣቷ፦ ስምንት ሰዓት ላይ።

እትዬ፦ ከሰባት ተኩል ጀምሮ በር ላይ ጠብቂኝ። የሕጉን ጽሑፍ በወረቀት አትሚው፤ እኔ ስልክ ላይ አላነብም።